የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ

(ስለ አፈር ረቂቅ ተሕዋስያን፥ ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ሰብላችን፥ በፔዳ ግቢ ለተማሪዎች ኅብረት አባላት የተደረገ ንግግር)



የኅብረቱ አስፈጻሚዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት እንቢ ለማለት ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ተብሏል። ብዙውም የተባለው ስለሚቀልጥ በረዶና ስለሚያጥለቀልቅ ባሕር በመሆኑ፥ ጣና ዳር ለተቀመጠ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። እኔ ደግሞ ከዘንዘልማ ግቢ የመጣሁ የግብርና ተማሪ እንጂ ሰማይን የሚመረምር ሊቅ አይደለሁም። የማውቀው ነገር ቢኖር አፈር ነው።

ነገር ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ሐሳቤን የሚያስለውጥ ነገር ሆነ። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ሲወብቅ ውሎ ከራት በኋላ ነጎድጓድ ተሰማና ዐሥር ደቂቃ ያህል ዝናብ ጣለ። ወራት ሙሉ ውሃ ያላየው የሜዳው አቧራ ጸጥ አለ፤ ያ ሁላችን የምናውቀው ሽታም ተነሣ። ከየመኝታ ክፍላችን ወጥተን በረንዳ ላይ ቆመን ሳብነው። አጠገቤ የነበረ አንድ ጓደኛዬ «እሰይ! አገሬ አገሬ ሸተተኝ» አለ። «ለመሆኑ ይህ የምን ሽታ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፥ «የዝናብ ነዋ!» አለኝ።

የዝናብ አይደለም። የዝናብ ቢሆንማ ኖሮ በነሐሴ፥ ዶፉ ሌት ተቀን ሲወርድ፥ ከሁሉ ጊዜ ይልቅ በሸተተን ነበር። በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለት የአውስትራሊያ ሊቃውንት ለዚህ ሽታ «ፔትሪኮር» የሚል ስም አወጡለት። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት በአፈር ሽታ ውስጥ ያለውን ዋናውን ቅመም ለይተው «ጂኦስሚን» አሉት፤ ትርጓሜው የምድር ሽታ ማለት ነው። ይህንን ቅመም የሚሠሩት በዐይን የማይታዩ የአፈር ነዋሪዎች፥ በተለይም አክቲኖማይሲት የሚባሉት የባክቴሪያ ወገኖች ናቸው። ጠብታው ደረቁን አፈር ሲመታው ቅመሙ ወደ አየር ይወጣል። እንግዲህ ያን ማታ በረንዳ ላይ ቆመን ያሸተትነው የሕያዋንን ሥራ ነበር ማለት ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የሚነሣው ከዚያች ሽታ ነው።

እኛ አፈርን ከፍ ያለ ቦታ አንሰጠውም። ስንረግም «አፈር ብላ» እንላለን። ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን። በሁለቱም አነጋገር ከአፈር በታች ሌላ ዝቅ ያለ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ይህ የተናቀው ነገር የሞተ አይደለም። ከአንድ ማሳ ላይ በሻይ ማንኪያ አፈር ብንዘግን፥ በዚያች ማንኪያ ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ቁጥር እስከ ቢሊዮን ሊደርስ ይችላል። ከእነርሱም ጋር እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች አሉ። ሥራቸው ብዙ ቢሆንም ለዛሬ ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው ሥራ ማፍረስ ነው። ገለባውን፥ ፍግን፥ የረገፈውን ቅጠልና የሞተውን ሥር እያፈረሱ ሰብል ሊመገበው ወደሚችል ምግብ ይለውጡታል። የተረፈውም ጥቁር ብስባሽ ሆኖ በአፈር ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ብስባሽ የአፈር ጎተራ ነው፤ ምግብም ውሃም ይዞ ያቆያል።

ሁለተኛው ሥራ ከአየር ናይትሮጅን መያዝ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶው 78 እጁ ናይትሮጅን ነው። ሰብል ግን እንዳለ ሊወስደው አይችልም። «ያባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚባለው፥ በናይትሮጅን ባሕር ውስጥ ቆሞ በናይትሮጅን ረሃብ ቅጠሉ ይገረጣል። ባቄላ፥ አተር፥ ሽምብራ፥ ጓያና የጎጃማችን ግብጦ ግን ራይዞቢየምና ዘመዶቹ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች ጋር ቃል ኪዳን አላቸው። ተክሉ ስኳር ይሰጣል፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይከፍላል። ይህንን በመጽሐፍ ብቻ አትመኑ። በነሐሴ አንድ የባቄላ እግር ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅላችሁ በውሃ እጠቡት። ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ የተንጠለጠሉ ትንንሽ እባጮች ታገኛላችሁ። በጥፍራችሁ ስትከፍቷቸው ውስጣቸው እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናቸው። ከነጣ፥ ወይም አረንጓዴና ቡናማ ከሆነ፥ ሥራው አልተጀመረም ወይም አብቅቷል።

ሦስተኛው ሥራ የፈንገሶቹ ነው። ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ከጤፍ፥ ከበቆሎና ከገብስ ሥር ጋር ተቆራኝተው ክራቸውን ሥሩ ወደማይደርስበት ስንጥቅ ይልካሉ። ከዚያም ፎስፎረስና ውሃ ይስባሉ። ተክሉም ከቅጠሉ ስኳር ያወርድላቸዋል። ግብጦ ግን ይህንን ወዳጅነት አይፈልግም። እርሱ በራሱ ሥር አሲድ እያፈሰሰ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀውን ፎስፎረስ ይፈታል። በደከመ መሬት ላይ ሳይቀር የሚበቅለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በ1958 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ከናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረ በርች የተባለ ሊቅ አንድ ጥናት አሳተመ። አፈርን አድርቆ እንደገና ሲያረጥበው፥ ብስባሹ ሳይደርቅ ከቆየው አፈር ይልቅ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ሲፈርስና ብዙ ናይትሮጅን ሲለቀቅ አየ። ድርቀቱ በረዘመ መጠን የሚለቀቀው ይበዛል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት «የበርች ውጤት» ይባላል። የተገኘውም በጎረቤታችን በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በበጋ ከአፈሩ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የቀሩት ደርቀው ያንቀላፋሉ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ያንቀላፉት ይነቃሉ። በሰዓቶች ውስጥ የሞቱትን ጓደኞቻቸውንና በበጋው የተጠራቀመውን ሁሉ መብላት ይጀምራሉ። ካርቦኑን እንደኛው ያስተነፍሳሉ፤ ከእነርሱ የተረፈው ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ዝናብ ውሃ ብቻ ይዞ አይመጣም። ድግስም ያስደግሳል። ያ ድግስ ግን ሳይነካ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የሰብሉ ሥር በዚያ ጊዜ ከደረሰ ይበላል፤ ካልደረሰ ሌላ ይወስደዋል።

አባቶቻችን የበርችን ስም አልሰሙም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል። አባቴ በግንቦት መጨረሻ ከማሳው አፈር በእጁ ዘግኖ፥ ጨበጥ አድርጎ ወደ አፍንጫው ያስጠጋ ነበር። ልጅ ሳለሁ ይህ የአዛውንት ልማድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ድግሱ መደገሱን፥ እርጥበቱም ወደ ውስጥ መዝለቁን ይመረምር ኖሯል። ከዚያ በኋላ «ነገ በቆሎው ይዘራ» ይላል። ጤፉን ደግሞ መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፥ ክረምቱ ከበረታ በኋላ በሐምሌ ይዘራዋል። ለእያንዳንዱ ዘር የራሱ ቀን አለው። ይህ ቀን መቁጠሪያ በሦስት ወገን መካከል የተደረገ ስምምነት ነው፤ በዝናቡ፥ በአፈሩ ነዋሪዎችና በገበሬው መካከል።

ወዳጆቼ፥ ዛሬ የተበላሸው ይህ ስምምነት ነው። የሀገራችን አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 በአውሮፓ አቆጣጠር ባለው ዘመን 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። በዓለም ደረጃ ደግሞ 2024 ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከነበረው ሙቀት በላይ 1.5 ዲግሪን ያለፈ የመጀመሪያው ዓመት ሆኗል። የዝናቡን ነገር ስንመረምር ጉዳዩ ረቀቅ ይላል። በሀገራችን የዓመቱ ዝናብ ድምር ከዓመት ዓመት በጣም ስለሚለዋወጥ፥ «ቀነሰ» ብሎ በአንድ ቃል መፍረድ ያስቸግራል። የገበሬው አቤቱታም በድምሩ ላይ አይደለም። «ይጀምርና ይጠፋል፤ ይጠፋና በአንድ ቀን ይወርዳል፤ እሸቱ ሳይደርስ ያቋርጣል» ነው የሚለው። ሲብስም ምን እንደሚመስል በ2007 ዓ.ም. ክረምት አይተናል። በዚያ የኤልኒኞ ዓመት ዝናቡ በብዙ የሀገራችን ክፍል ስለ ከዳ፥ በ2008 ዓ.ም. 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የእህል ርዳታ ጠባቂ ሆነ። ኤልኒኞ ድሮም ነበረ። አሁን ግን የሚመጣው በሞቀ ምድር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ በአፈሩ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት የቤቴን ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ጥሩ ዝናብ ጣለ። አባቴ አፈሩን አሸተተ፤ በዱቤ ያመጣውን ማዳበሪያ ከበቆሎው ዘር ጋር ጨመረ። ዘሩም በቀለ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠራ። ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ቡቃያው ተቃጠለ። ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ አባቴ ዘር ተበድሮ እንደገና ዘራ። ይህኛው በቅሎ አደገ፤ ቅጠሉ ግን ቢጫ ነበር። አባቴ ማሳው ዳር ቆሞ «መሬቱ ደክሟል» አለ። እኔም ያን ጊዜ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

አሁን ሳጠናው መልሱ ይገባኛል። የአፈሩ ነዋሪዎች በግንቦቱ ዝናብ ነቅተው ድግሱን ደገሱ። እንግዳው ግን በድርቀት ሞተ። የተለቀቀው ናይትሮጅን ባለቤት አጥቶ ሰነበተ። ናይትሮጅኑ ናይትሬት ወደሚባለው መልክ ሲለወጥ አፈር አጥብቆ አይዘውም። ስለዚህ ብርቱው ዝናብ በወረደ ጊዜ ከሥሩ በታች አሰመጠው፤ ወደ ወንዝም ጠረገው። መሬቱ ያለውን ሰጥቶ ነበር፤ የሰጠው ግን ተቀባይ በሌለበት ቀን ነው።

ወደ ወንዝ የሄደውስ የት ደረሰ? ግልገል ዐባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ሁሉም የሚገቡት ወደ ጣና ነው። ከ2011 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታወቀው እምቦጭ ከሚመገበው ነገር አንዱ ከማሳ ታጥቦ የሚወርደው ይህ ምግብ ነው። ገበሬው በዱቤ የገዛው ማዳበሪያ እምቦጭ ሲቀልብ፥ ዕዳው ግን በገበሬው አንገት ላይ ይቀራል። ዓሣ አጥማጁም በዚሁ ዕዳ ይከፍላል።

ሁለተኛው ጉዳት ከሙቀቱ ይመጣል። እርጥበት እስካለ ድረስ፥ ሙቀት ሲጨምር የአፈር ነዋሪዎች በፍጥነት ይበላሉ። በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ በሚገኘው የሃርቫርድ ደን፥ ሊቃውንት ከ1991 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ከአፈር በታች የኤሌክትሪክ ሽቦ ቀብረው አፈሩን በዙሪያው ካለው በ5 ዲግሪ ያሞቁታል። የ26 ዓመቱ ውጤት በ2017 ሲታተም፥ ከሞቀው አፈር ብዙ ካርቦን መጥፋቱን አሳየ። ጥፋቱ በአንድ ጊዜ ያለቀ አልነበረም። አንድ ጊዜ ይጨምራል፤ ጋብ ይላል፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሲለወጡ እንደገና ይጨምራል። የእነርሱ አፈር የኛ አፈር አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ጮቄ ወይም ወደ ሜጫ ማምጣት አይገባንም። ሕጉ ግን አንድ ነው። ጎተራው እየጎደለ ሲሄድ የሚጠፋው ምግብ ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚይዘው ኀይልም ይጠፋል። የሚወጣውም ካርቦን ወደ አየር ገብቶ ሙቀቱን መልሶ ያበዛዋል። በዓለም አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን በአየር ውስጥ ካለው በጣም እንደሚበልጥ ስናስብ ነገሩ ያስፈራል።

ሦስተኛው ጉዳት ከልክ ባለፈ ውሃ የሚመጣው ነው። ማሳው በውሃ ሲሸፈን አየር ከአፈሩ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ያለ ኦክሲጅን የሚኖሩት ተራቸውን ይይዛሉ። አንዳንዶቹ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ያበንኑታል። ከዚያም የሚወጣው ናይትረስ ኦክሳይድ፥ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር፥ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል ይበረታል። ሌሎቹ ሚቴን ይሠራሉ። የፎገራ ሜዳ ገበሬዎች ውሃ የሚተኛበትን መሬት ወደ ሩዝ ማሳ መለወጣቸው ታላቅ ብልሃት ነው። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራሉ፤ እነርሱም ናይትሮጅን ይመልሳሉ። ዳሩ ግን እርጥበቱ ቀድሞ ካለቀ፥ በሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ከተክሉ አስቀድመው ሥራ ያቆማሉ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ከሰማይ የመጣ ክስ ይመስላል። አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ወደ ደቡብ ጎንደር በሄዳችሁ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደን አይታችኋል። ከቅጥሩ ውጭ የደረቀ ማሳ ነው። ቅጥሩን አልፋችሁ ስትገቡ እግራችሁ ልስልስ ያለ ጥቁር አፈር ይረግጣል፤ በበጋም ቢሆን ቅዝቃዜ ይሰማችኋል። እንደ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሉ ሊቃውንት እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተው ዋጋቸውን ለዓለም አሳውቀዋል። እኔ የምለው ግን ቀላል ነው። በቅጥሩ በሁለቱም ወገን ያለው ሰማይ አንድ ነው። ዝናቡም ያው ነው፤ የዓለም ሙቀትም ያው ነው። ልዩነቱ በውስጥ ያለው አፈር የወደቀለትን ቅጠል መብላቱና በውጭ ያለው አፈር መራቡ ነው። የተራበ አፈር ደግሞ በዝናቡ መዛባት ፈጥኖ ይወድቃል።

እንዴት ተራበ? ገለባውን ከብት በላው። ፍጉን ኩበት አድርገን አነደድነው። መሬቱ ጾም የሚያድርበት ዘመን በሕዝብ ብዛት ምክንያት አለፈ። ተዳፋቱን ደጋግመን ስናርስ ጎርፍ ላዩን ገፈፈው። በከፍተኛ ቦታዎቻችንም መሬቱ ኮመጠጠ። በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደ ሆነ ይገመታል። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሥሩን ይመርዛል፤ ራይዞቢየሙም ይደክማል። ባቄላው ይበቅላል፥ ዶቃው ግን አይኖርም።

እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት ተቃውሞ እሰማለሁ። የመጀመሪያው፥ «ሙቀቱን ያመጡት ባለፋብሪካዎቹ አገሮች ናቸው፤ ስለምን እኛ እንጨነቃለን?» የሚል ነው። እውነት ነው። ከዓለም ጭስ የአፍሪካ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። ካሳውን መጠየቅ ይገባናል፤ በመካከላችን ያላችሁ የሕግ ተማሪዎች ሥራችሁ ብዙ ነው። ነገር ግን በማሳው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን ፍርዱ እስኪሰጥ አይጠብቁም። በሚመጣው ግንቦትም ዝናብ ሲነካቸው ይነቃሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኛው ከተማሪዎች የሚሰማ ነው። «ገበሬው ኋላ ቀር ስለ ሆነ ፍግን ያነድዳል» ይባላል። ወንድሞቼና እህቶቼ፥ እኔ ያደግሁት እናቴ በጠፈጠፈችው ኩበት በተጋገረ እንጀራ ነው። ከእናንተም መካከል እንደኔ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። እናቴ ፍግ ለማሳ እንደሚበጅ ታውቃለች፤ ጓሮዋ ያለው ጎመን ምስክር ነው። ነገር ግን ማታ ልጆቿ መብላት አለባቸው፤ እንጨትም የለም። ለአፈሩ የሚገባው ምግብ በምድጃዋ በኩል ወደኔ ሆድ ገባ፤ እኔንም እዚህ አደረሰኝ። ስለዚህ ያ መሬት አበዳሪዬ ነው። ሌላ ማገዶ ሳናቀርብ «ኩበት አታንድዱ» ብሎ መስበክ ዕዳን በምክር ለመክፈል መሞከር ነው። ባዮጋዝ ፍጉ ሁለት ጊዜ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ጋዙ ለምድጃ፥ ዝቃጩ ለማሳ ይሆናል። የምህንድስና ተማሪዎች ከርካሽ ዕቃ የሚሠራና በገጠር ሊጠገን የሚችል ቢያበጁልን ከብዙ ንግግር ይሻላል።

ገበሬው ከአፈሩ ጋር መመካከር እንደሚያውቅ የአዊ ሕዝብ አሳይቶናል። በፋግታ ለኮማ ማሳቸው ኮምጥጦ እህል አልሰጥ ባላቸው ጊዜ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፉ ጋር ያበቅላሉ። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ቆርጠው ከሰል ያከስሉታል፤ ከዚያም መሬቱን መልሰው ጤፍ ይዘሩበታል። ይህ ዛፍ እንደ ባቄላ በሥሩ ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች አሉት። መሬቱን ያሳርፋል፤ ኪስንም ያረጥባል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በፈንገስ የሚመጣ የዝገት በሽታ ገብቶበት ብዙ ተክል አጥፍቷል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን፤ አንደኛው ገበሬው አዲስ ነገር እንደማይጠላ፥ ሁለተኛው ተስፋን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ መስቀል እንደማይገባ።

የሚሠራው ነገር የታወቀ ነው። ለኮመጠጠው መሬት ኖራና ብስባሽ፤ ለተዳፋቱ እርከን፤ ከእህሉ ጋር ባቄላንና ግብጦን ማፈራረቅ፤ ራይዞቢየም በጎደለበት ማሳ ዘሩን በሕያው ማዳበሪያ ለውሶ መዝራት። ይህ ማዳበሪያ በሀገራችን ይመረታል፤ ነገር ግን ሕያው ስለ ሆነ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል። ዩሪያውንም በአንድ ቀን ከመጨረስ ከፍሎ፥ ሥሩ ሊቀበል በሚችልበት ጊዜ መስጠት ይሻላል። ይህ ሁሉ ሙቀቱን አያበርደውም፤ ዝናቡንም በቀኑ አያመጣውም። ነገር ግን ብስባሽ የሞላው አፈር ሦስቱን የድርቅ ሳምንት የመሻገር ዕድል ይኖረዋል፤ ባዶው አፈር ግን በአንደኛው ይወድቃል።

አሁን ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ አቅርቤ ልጨርስ። በዚህ ክረምት ብዙዎቻችን ወደየቤታችን እንሄዳለን። እያንዳንዳችን አንድ ደብተር እንያዝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዝናቡ የጀመረበትን ቀን፥ ዘር የተዘራበትን ቀንና ከዚያ በኋላ ያለ ዝናብ ያለፉትን ቀኖች እንጻፍ። በእኛ ያልታየውን ወላጆቻችን ይነግሩናል። በሁለተኛው ገጽ፥ በነሐሴ ከቤተሰባችን ማሳ አምስት የባቄላ ወይም የአተር እግር አስፈቅደን ነቅለን፥ በሥሩ ያሉትን እባጮች ቆጥረን፥ ከፍተን ቀለማቸውን እንጻፍ። በሦስተኛው ገጽ አንድ አዛውንት ገበሬ ጠይቀን፥ በልጅነቱ በቆሎ የሚዘራው በስንት ቀን እንደ ነበረና መሬቱ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ጾም ያድር እንደ ነበረ እንጻፍ። ስንመለስ ደብተሮቹን እዚህ ፔዳ ላይ እንሰብስባቸው። ከሰከላ፥ ከፋርጣ፥ ከደምቢያ፥ ከወሎና ከሸዋ የመጡትን ጎን ለጎን እናኑራቸው። ሊቃውንት ሳተላይት አላቸው፤ በየማሳው ግን ዐይን የላቸውም። እኛ አለን። አስተማሪ የምትሆኑት ደግሞ ይህንኑ ደብተር ነገ ለተማሪዎቻችሁ ታወርሱታላችሁ።

አባቴ ዘንድሮም በግንቦት አፈሩን አሽትቶ ዘርቷል። ትናንት ስልክ ደውዬ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ብለው፥ «ጀምሯል፤ ልመነው አልመነው እያልኩ ነው» አለኝ። ስድሳ ዓመት ያመነውን ነገር ዛሬ ይጠራጠራል። የአየር ንብረት ለውጥ ማለት ለኔ ይህ ነው።

ስለዚህ፥ አፈር ስሆን፥ ያ ሽታ እንደገና ሲነሣ አገራችንን አስታውሶን ብቻ አይለፍ። የደከሙ ሠራተኞች መንቃታቸውን የሚናገር ደወል ነውና፥ የሚበሉት አላቸው ወይ ብለን እንጠይቅ።